የደብስቴፑ ቤዝ የት ገባ?

ደብስቴፕ የተባለው፣ ለንደን የተወለደ የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ያንን የሚያጓራ፣ የሚቆራረጥ፣ ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ነው። ያ ድምፅ የመጣው ግን ዘውጉ ተወልዶ አድጎ ሊያረጅ ሲል ነው። መጀመሪያ ላይ ደብስቴፕ ባዶ ቦታ የበዛበት፣ ከበሮው የሳሳ፣ ከሥር ደግሞ ደረት የሚገፋ ቤዝ (ወፍራሙ፣ ዝቅተኛው ድምፅ) ያለው ሙዚቃ ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ እንዴት እንዲህ ተገለበጠ ሲባል የተለመደው መልስ «ገንዘብ አበላሸው» ወይም «አሜሪካኖች ወስደው አጠፉት» ነው። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። እኔ ግን ጥፋቱን የምፈልገው ስፒከሩ ላይ ነው። ሙዚቃው የተሠራው ለአንድ ዓይነት ክፍልና ለአንድ ዓይነት ስፒከር ነበር፤ ከክፍሉ ሲወጣ ቤዙ አብሮት ሊወጣ አልቻለም። ሌላው ሁሉ ከዚያ የተከተለ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከክሮይደን የወጣው

ነገሩ የሚጀምረው ደቡብ ለንደን፣ ክሮይደን ውስጥ፣ ሰሪ ስትሪት በሚባለው የገበያ መንገድ ላይ ከነበረው ቢግ አፕል ከተባለ የሙዚቃ ሸክላ መደብር ነው። ዲጄ ሃቻ እዚያ ሻጭ ነበር። በኋላ የደብስቴፕ አቀናባሪ የሆኑት ስክሪምና ቤንጋ ገና ታዳጊ ሳሉ እዚያው ይውሉ ነበር፤ ሌሎቹ አቀናባሪዎች ማላ፣ ኮኪና ሎፋም የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው። የጊዜው የለንደን ዳንስ ሙዚቃ ዩኬ ጋራዥ ነበር፤ ዘፋኝ ያለበት፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጥሩ ጫማ ሳያደርጉ የማይገቡበት ዓይነት። አቀናባሪዎቹ ኤል-ቢ፣ ዘድ ባያስና ሆርስፓወር ፕሮዳክሽንስ ከጋራዡ ላይ ዘፋኙን አንስተው ከበሮውንና ቤዙን ብቻ አስቀሩ። የክሮይደን ልጆች ከዚያም ላይ ቀነሱ። ፍጥነቱ በደቂቃ 140 ምት አካባቢ ላይ ረጋ፤ ዛሬም እዚያው ነው።

ትልቁን ቅነሳ ያመጣው በተለይ ከሎፋ ስም ጋር የሚነሳው «ሃፍ-ስቴፕ» ነው። ስኔሩ (ጠጣሩ የከበሮ ድምፅ) በአንድ ባር፣ ማለትም በአራት ምት ውስጥ ሦስተኛው ምት ላይ ብቻ ይመታል። ኮምፒውተሩ 140 ይላል፣ ሰውነት የሚሰማው 70 ነው። በዚህ ፍጥነት አንድ ባር 1.7 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ ስለዚህ ከአንድ ስኔር እስከ ሌላው ያለው ክፍተት በዳንስ ሙዚቃ ሚዛን በጣም ረጅም ነው። ቤዙ የሚኖረው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

ቤዙ ራሱ ሲሠራ በጣም ቀላል ነው። አንድ ኦሲሌተር (ድምፅ አመንጪ)፣ ንጹሕ ሳይን ሞገድ (ሌላ ምንም ያልተደባለቀበት ድምፅ)፣ በሰከንድ ከ40 እስከ 55 ንዝረት፣ ማለትም ኸርዝ ባለው ቦታ ላይ። በዚህ ክልል ውስጥ ፋ የሚባለው ኖታ 43.65 ኸርዝ፣ ሶል 49 ኸርዝ ነው። ከዚያ በታች ከወረዱ ብዙ ሳብዉፈር (ለዝቅተኛ ድምፅ ብቻ የተሠራ ስፒከር) አይችለውም፤ በጣም ከወጡ ደግሞ ክብደቱ ይጠፋል። ኪኩ (ወፍራሙ የከበሮ ምት) ወደ 90 ወይም 100 ኸርዝ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ቤዙን እንዳይረግጠው። የቀረው ድምፅ ሁሉ፣ ኮርዱም፣ ማሚቶውም፣ ሃይ-ሃቱም (ቀጭኑ የሳህን ድምፅ)፣ ከ120 ኸርዝ በታች ያለው በፊልተር ይቆረጣል። ከ100 ኸርዝ በታች ያለው ሁሉ ሞኖ፣ ማለትም በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት ይሆናል። ይህ የጣዕም ጉዳይ አይደለም፤ ግራና ቀኙ የተለያየ ቤዝ ሸክላ ላይ ሲቀረጽ መርፌውን ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚያንጠለጥለው ከመስመሩ ያስወጣዋል።

አሁን ችግሩን ለማየት ስልካችሁን አውጡና ድምፅ በሚያመነጭ አፕ 45 ኸርዝ አጫውቱ። ምንም አይሰማም። ወደ 200 ስታወጡት መሰማት ይጀምራል። የተለመደ ላፕቶፕም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ማለትም የመጀመሪያዎቹን የደብስቴፕ ሥራዎች በላፕቶፕ የሚሰማ ሰው የሚደርሰው ስኔር፣ ሃይ-ሃትና ማሚቶ ብቻ ነው። «ይሄ ባዶ ነገር ምኑ ነው ሙዚቃ?» ቢል አይፈረድበትም፤ ሙዚቃው አልደረሰውም።

ስፒከሩ ቢኖርም ጆሯችን ራሱ ዝቅተኛ ድምፅ ላይ ደካማ ነው። 40 ኸርዝ ከ1,000 ኸርዝ እኩል ጎልቶ እንዲሰማ ከ20 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) በላይ ጭማሪ ይፈልጋል። 20 ዴሲቤል ማለት የአምፕሊፋየሩ ኃይል መቶ እጥፍ ነው። ለዚህ ነው ይህ ሙዚቃ ቤት ውስጥ በመደበኛ የድምፅ መጠን የማይሠራው። ሞገዱ 8 ሜትር ያህል ስለሚረዝምም ቤዙ በክፍሉ ውስጥ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ሲሉ ይሳሳል። ጥሩ ቦታ ያገኘ ሰው ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ቆሞ ቢያድር አትገረሙ።

ክፍሉ

ፎርዋርድ የሚባለው ምሽት በ2001 ሶሆ ውስጥ ተጀመረ፤ በኋላ ሾርዲች ወደሚገኘው ፕላስቲክ ፒፕል ክለብ ዞረ። ፕላስቲክ ፒፕል 200 ሰው ገደማ የሚይዝ፣ ዝቅ ያለ፣ መብራቱ እስከማይታይ ድረስ የሚደበዝዝ ምድር ቤት ነበር። ገንዘቡ ጌጥ ላይ ሳይሆን ስፒከር ላይ የፈሰሰበት ቤት ነው። ከታዳሚዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው አቀናባሪዎች ወይም ዲጄዎች ነበሩ። ምሽቱን የሚያዘጋጁት ሰዎች ቴምፓ የሚባለውን የሙዚቃ አሳታሚም ይመሩ ነበር፤ ሰኞ የተሠራ ትራክ በዚያው ሳምንት ክለቡ ውስጥ ይፈተን ነበር።

በማርች 2005 ማላ፣ ኮኪና ሎፋ ዲኤምዚ የተባለውን ምሽት ብሪክስተን ውስጥ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ሥር ጀመሩ። የዲኤምዚ ሥር ከጋራዥ ይልቅ ወደ ለንደን የሬጌና የደብ (ቤዝና ማሚቶ የበዛበት የሬጌ ዓይነት) ሳውንድ ሲስተሞች፣ ማለትም የራሳቸውን ግዙፍ ስፒከር ይዘው ወደሚያጫውቱ ዲጄዎች፣ በተለይ ወደ ጃ ሻካ ይሄዳል። ጃ ሻካ ራስታ ነበር። የእሱን ዓይነት የደብ ምሽት ለንደን ውስጥ ያየ አበሻ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩንና የጃንሆይን ምስል ከስፒከር ቁልል አጠገብ ተሰቅሎ አግኝቶ ግር ሳይለው አልቀረም። ዲኤምዚ ከዚያ ባህል የወሰደው ግን ዕቃውንና ሥርዓቱን ነው፦ ቤዙን ማስቀደም፣ ጨለማውን፣ ሕዝቡ ትራኩን ሲወድደው ዲጄው አቁሞ ከመጀመሪያው መልሶ ማጫወቱን።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላው ነገር ደብፕሌት ነው። አልሙኒየም ሳህን ላይ በተቀባ ላከር (ቫርኒሽ መሰል ቅብ) ላይ የሚቆረጥ፣ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ሸክላ ነው። አቀናባሪው ፋይሉን ይዞ ደቡብ ለንደን ትራንዚሽን ወደሚባለው ስቱዲዮ ይሄዳል፤ ጄሰን ጎዝ ተቀምጦ ያዳምጠዋል፣ ቤዙን ያስተካክለዋል፣ ከዚያ ትራኩ በሚፈጀው ጊዜ ልክ ይቆርጠዋል። 10 ኢንች ሳህን በደቂቃ በ45 ዙር ሲቆረጥ በአንድ ፊት 5 ደቂቃ አካባቢ ይይዛል፤ ቤዝ ሲበዛ መስመሩ ስለሚሰፋ ደቂቃው ያንሳል። ላከሩ ለስላሳ ነው፤ በተጫወተ ቁጥር ይበላል። መጀመሪያ የሚሄደው ከፍተኛው ድምፅ ነው፣ ሃይ-ሃቱ ይደፈናል፣ ቀጥሎ ማንኮሻኮሽ ይመጣል። በጥቂት ወራት ውስጥ ሳህኑ ያረጃል።

ክፍያው ከዲጄው ኪስ ነው። ስለዚህ ሰው የሚያስቆርጠው የሚያምንበትን ብቻ ነበር። ትራኩ ከመታተሙ በፊት በሦስትና በአራት ዲጄዎች እጅ ብቻ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆይ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ በእውነተኛ ስፒከር ላይ ደጋግሞ ይፈተናል፤ ደካማው እዚያው ይቀራል። ወጪው፣ ወረፋውና መጠበቁ በአንድ ላይ ወንፊት ነበሩ። በኋላ ዲጄዎች ወደ ሲዲና ወደ ላፕቶፕ ሲዞሩ ብዙዎቻችን ያየነው ምቾቱን ብቻ ነው። ወንፊቱ የተጣለው ያኔ ነበር።

በሩ ሲከፈት

በጃንዋሪ 2006 ሜሪ አን ሆብስ በቢቢሲ ሬዲዮ 1 ፕሮግራሟ ላይ የዘውጉን ዋና ዋና ሰዎች በአንድ ሌሊት ሰብስባ አቀረበች። በሁለት ወሩ፣ በዲኤምዚ አንደኛ ዓመት ላይ፣ ወረፋው ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ዝግጅቱ ከምድር ቤቱ ወደ ላይኛው ትልቅ አዳራሽ መዛወር ነበረበት። እስከዚያ ያለው ጤነኛ ዕድገት ነው። አዳራሹም ቢሆን ሳውንድ ሲስተም ነበረው።

ዎብሉ፣ ያ መግቢያው ላይ ያነሣነው የሚያጓራና የሚቆራረጥ ድምፅ፣ የመጣው ከውስጥ ነው፤ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ስክሪሌክስን፣ በዚህ ድምፅ የታወቀውን አሜሪካዊ አቀናባሪ፣ መስደብ ቀላል ነው። በ2007 ገደማ ኮኪ፣ ያው ዲኤምዚን የመሠረተው ሰው፣ መካከለኛው ድምፅ ላይ የሚያጓሩ ቤዞችን ይለቅ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዲጄዎቹ ካስፓና ረስኮ ለፋብሪክ ክለብ ተከታታይ አልበም 37ኛውን ሚክስ ሠሩ፤ ለብዙ ሰው የመጀመሪያው የደብስቴፕ ሲዲ ያ ነበር። ፈጣን፣ ቀልደኛና ጩኸታም። በራሱ ጥፋት አልነበረበትም። አንድ ምሽት ውስጥ ከስድስት የሳሱ ትራኮች በኋላ አንድ ዎብል ሲመጣ ክፍሉን ይገለብጠዋል። ችግሩ ሌላው ሁሉ ተትቶ እሱ ብቻ ሲቀር ነው።

ለምን እሱ ቀረ? ዎብል እንዴት እንደሚሠራ ካየን መልሱ እዚያው አለ። ማሲቭ በሚባለው ሲንተሳይዘር ላይ ብዙ ሃርሞኒክ (ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ የሚደረቡ ድምፆች) ያለው ሞገድ ይመረጣል፣ ለምሳሌ የመጋዝ ጥርስ የሚመስለው ሶው። ከዚያ ከፍተኛውን ድምፅ የሚቆርጥ ሎው-ፓስ ፊልተር ይጨመርበታል። የፊልተሩ መቁረጫ ነጥብ በኤልኤፍኦ (በዝግታ የሚወዛወዝ መቆጣጠሪያ) ታስሮ ከትራኩ ፍጥነት ጋር እንዲሄድ ይደረጋል። በ140 ላይ ኤልኤፍኦው አንድ ስምንተኛ (ግማሽ ምት) ላይ ቢቀመጥ ፊልተሩ በሰከንድ 4.7 ጊዜ ያህል ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ በስምንተኛ ትሪፕሌት (ምቱ ለሦስት ሲከፈል) ልክ 7 ጊዜ። ከኋላው ድምፁን የሚያሻክር ዲስቶርሽን፣ ከዚያ ከፍና ዝቁን የሚያቀራርብ ኮምፕሬሰር። የዚህ ድምፅ አብዛኛው ጉልበት ያለው ከ150 እስከ 3,000 ኸርዝ ነው። ላፕቶፕ ይደርስበታል፤ ስልክም ይደርስበታል። በክለብ ውስጥ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ላይ ሳይን ቤዙ ጨርሶ አይኖርም፣ ዎብሉ ግን ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

በ2009 ዩኬኤፍ የሚባለው የዩቲዩብ ቻናል ተከፈተ፤ ከዚያ በኋላ የደብስቴፕ ዋና መድረክ የቤት ኮምፒውተር ሆነ። ወጣቱ አቀናባሪ ሳብዉፈር አጠገብ ቆሞ አያውቅም፤ የሰማውን በላፕቶፕ ሰምቶ፣ በላፕቶፕ ሠርቶ፣ ለላፕቶፕ ለቀቀው። የማይሰማውን ነገር ማስተካከል አይችልም። ብዙዎቹ ሥራዎች ላይ ያለው ስህተትም አንድ ዓይነት ነው፦ የዎብሉ ዝቅተኛ ክፍል በፊልተሩና በዲስቶርሽኑ ምክንያት የሞገዱ አነሳስ ይዘባረቃል፣ በትልቅ ስፒከር ላይ ቤዙ ብቅ ጥልቅ ይላል። የተሻለው ሰው ዎብሉን ከ100 ኸርዝ በታች ቆርጦ ከሥሩ ለብቻው ሳይን ያስገባል። ብዙው ግን ይህን አያደርግም፣ ስለማይሰማው።

ቀጥሎ የጩኸት ፉክክር መጣ። ሳይን ቤዝ በዲጂታል ፋይል ውስጥ ብዙ ቦታ ይበላል። ቤዙ −6 ዴሲቤል ላይ ከተቀመጠ ግማሹን ከፍታ ወስዷል፤ ሌላው ሁሉ በቀረው ግማሽ ይኖራል። ቤዙን ቀንሰህ መካከለኛውን ሊሚተር (ድምፁ ከጣሪያው እንዳያልፍ የሚገታ መሣሪያ) ላይ ብትገፋው ፋይልህ ከጎረቤቱ ጎልቶ ይሰማል። ሁሉም እንዲህ ሲያደርግ ግን ድሮፑ (ቤዙ በሙሉ ጉልበት የሚገባበት ቦታ) ከመግቢያው የሚበልጥበት ቦታ አጣ። ስለዚህ ከድሮፑ በፊት ሙዚቃው ጸጥ ይላል፣ አንድ ሰው አንድ ቃል ይጮኻል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ይህንን ዘዴ በ2011 ያልተጠቀመ ትራክ ፈልጋችሁ አምጡልኝ። (የሚያስቀው ዛሬ ስፖቲፋይ በመደበኛ ሁኔታው ሁሉንም ወደ −14 ሉፍስ (የጩኸት መለኪያ) ስለሚያወርድ የዚያ ሁሉ ግፊያ ትርፍ ዜሮ መሆኑ ነው። የቀረው መጨፍለቁ ብቻ ነው።)

የትራኩ አወቃቀርም ተለወጠ። የሸክላ ዲጄ ሁለት ሸክላ ለማጣመር ጊዜ ስለሚፈልግ የጥንቱ ትራክ መግቢያ 32 ወይም 64 ባር ነበር፤ 64 ባር በ140 ላይ 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ነው። ዩቲዩብ ላይ ይህን የሚታገሥ የለም። መግቢያው ወደ 16 ባር፣ 27 ሰከንድ፣ ወረደ። ፌስቲቫል ላይ ደግሞ ዲጄው የሚሰጠው አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ሦስት ሰዓት ሲኖር የሚደረገውን ቀስ በቀስ መገንባት እዚያ ማድረግ አይቻልም። ሜዳ ላይ ግድግዳ የለም፣ ጣሪያ የለም፣ ስለዚህ ክፍሉ ለቤዝ የሚሰጠው ድጋፍ የለም። ሜዳ ላይ የሚሠራው መካከለኛው ድምፅ ነው። አቀናባሪው እዚያ የሚሠራለትን ይዞ ይሄዳል፤ እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

የቀረው ታሪክ የታወቀ ነው፤ ቶሎ ልለፈው። በ2010 ስክሪም፣ ቤንጋና አርትወርክ ማግኔቲክ ማን በሚል ስም የብሪታንያ የሙዚቃ ሠንጠረዥ የመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ገቡ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ስክሪሌክስ ስሙን ያስጠራውን ኢፒ (አጭር አልበም) ለቀቀ። በ2011 መጀመሪያ ብሪትኒ ስፒርስ ዘፈን መሐል ዎብል ተሰማ፤ በዚያው ዓመት በአውሮፓ በጋ ዲጄ ፍሬሽ፣ ከዚያ ኔሮ በብሪታንያ አንደኛ ወጡ፤ በዲሴምበር የሮክ ባንዱ ኮርን ሙሉ አልበም በዚህ ድምፅ ሠራ። በፌብሩዋሪ 2012 ስክሪሌክስ ሦስት ግራሚ ይዞ ገባ። ፖፕ ሙዚቃው የሚፈልገው አንድ የሚያስደነግጥ ድምፅ ነበር፣ ወሰደው፣ ተጠቀመበት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ትራፕና ወደ ሃውስ ዞረ።

የመሥራቾቹ አካሄድ ከሠንጠረዡ ይልቅ ይናገራል። ሎፋ ገና በ2009 ስዋምፕ 81 የሚባል አሳታሚ ከፍቶ ወደ ሌላ ምት ሄደ። ስክሪም ወደ ሃውስና ዲስኮ ተሻገረ። ማላ በ2006 የመሠረተውን ዲፕ ሜዲ የተባለ አሳታሚ ይዞ በዚያው ቀጠለ፤ ሸክላ ማሳተሙንም አልተወም። ፕላስቲክ ፒፕል በጃንዋሪ 2015 ተዘጋ። የመጀመሪያውን ዓይነት ሙዚቃ የሚሠሩት ሰዎች ዛሬ «140» ይሉታል፤ ደብስቴፕ የሚለው ስም ሰው ስለሚያስሸሽባቸው የፍጥነቱን ቁጥር ስም አደረጉት።

ዛሬ ለሚያዘጋጅ ሰው

ይህን ሙዚቃ በትንሽ ክፍል ውስጥ ማጫወት የሚፈልግ ካለ ስህተቶቹ የታወቁ ናቸው። ለ150 ሰው ክፍል ቢያንስ አራት ባለ 18 ኢንች ሳብዉፈር ያስፈልጋል። ግራና ቀኝ አትበትኗቸው፤ መሐል ላይ አንድ ላይ አቁሟቸው። ሲበተኑ ሞገዶቹ በአንዳንድ ቦታ ይጠፋፋሉ፣ የዳንሱ ወለል ላይ ቤዝ የሌለባቸው መስመሮች ይፈጠራሉ። ክሮስኦቨሩ፣ ማለትም ድምፁ ለሳብዉፈሩና ለላይኛው ስፒከር የሚከፈልበት ነጥብ፣ 90 ኸርዝ አካባቢ ይሁን። ቀዳዳ ያለው ሳጥን ከሆነ ከተስተካከለበት ድምፅ በታች ኮኑን (የሚንቀጠቀጠውን የስፒከሩን ፊት) የሚይዘው አየር ስለሌለ ከልክ በላይ ይወዛወዛል፤ 30 ኸርዝ ላይ ከዚያ በታች ያለውን የሚቆርጥ ሃይ-ፓስ ፊልተር ካልተደረገ ኮኑ ይቀደዳል። ጩኸታሙ ዓይነት ደግሞ የሚያቃጥለው የላይኛውን ድራይቨር (ከፍተኛውን ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል) ነው፤ የተጨፈለቀ ድምፅ ለመጠምጠሚያው ሽቦ ማቀዝቀዣ ፋታ አይሰጠውም። የኪራይ ዕቃ ከሆነ ባለቤቱ ስለ ሁለተኛው እንጂ ስለ መጀመሪያው አያስጠነቅቃችሁም፣ የለመደው እሱን ነውና።

ለሚያቀናብሩ ደግሞ በ2009 ብዙዎች ልብ ያላሉት መፍትሔ አለ። ሳይን ቤዙን ሳትነኩ ቅጂውን ሌላ ቻናል ላይ አውጡ። ቅጂው ላይ ሳቹሬሽን (ድምፁን በጥቂቱ የሚያሻክር መሣሪያ) አድርጉ፤ 45 ኸርዝ የነበረው 135ና 225 ኸርዝ ላይ ሃርሞኒክ ይወልዳል። ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡና ከዋናው 18 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ደባልቁት። ጆሮ ሃርሞኒኮቹን ሲሰማ የጎደለውን ዝቅተኛ ድምፅ ራሱ ይሞላዋል፤ በትንሽ ስፒከርም የቤዙ መስመር ይታወቃል። ከዚያ በስልክ አጫውቱት። ከስኔሩ ቀድሞ ቤዙ ጆሯችሁ ውስጥ ከገባ በዝቷል፤ 3 ዴሲቤል ቀንሱና እንደገና ሞክሩ።